መጀመሪያ እማማ ትንዳ

ሰፈሩ ሁሉ እትዬ መርፌ ነው የሚላቸው። ልብስ ሰፊ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ቀጭን ናቸው፣ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ አንድ ነገር ውስጥ ከገቡ ደግሞ በሌላኛው በኩል ሳይወጡ አይመለሱም። ባለቤታቸው ዕድሜ ልካቸውን የከተማ አውቶቡስ የነዱ ሰው ሲሆኑ፣ ተሳፋሪ ያወጣላቸው ስም ጋሽ ፍሬን ነው። መብራቱ ቢጫ ሲሆን ሳይሆን፣ ሊሆን ነው ብለው ሲጠረጥሩ ፍሬን ይይዙ ነበር። ጡረታ ወጥተው የሚያቆሙት አውቶቡስ ሲያጡ ሚስታቸውን ማቆም ጀመሩ። "ወንበር ላይ አትውጪ፤ ያንን ሣጥን አታንሺ፤ መስኮቱን ዝጊ፣ ንፋስ ይመታሻል።" እትዬ መርፌም ወንበሩ ላይ ይወጣሉ፣ ሣጥኑን ያነሳሉ፣ መስኮቱን ይበረግዱታል። እንዲህ እየተነታረኩ ነው አብረው ያረጁት፤ ደህና ትዳር ነበር።

የልጃቸው ልጅ ሚጣ ለትምህርት ቤት ዕረፍት እነሱ ዘንድ ስትመጣ ያለ እናት ያለ አባት ስታድር የመጀመሪያዋ ነበር። አባቷ ከታክሲው ውስጥ መጀመሪያ እሷን አወረደ፤ ቀጥሎ ሻንጣዋን፣ ቀጥሎ ትራሷን፣ በመጨረሻ ከኋላ የታሰረ ቀይ ብስክሌት። ብስክሌቱ አዲስ ነው፤ መሪው ላይ የሱቁ ወረቀት እንደተንጠለጠለ ነው። ሚጣ ብስክሌቱ ሲወርድ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አባትየው እናቱን ወደ ወጥ ቤት ሳብ አደረጋቸው።

"አምና ወድቃ እጇ እንደተሰበረ ታውቂያለሽ። እጇ ድኗል፤ ልቧ ነው ያልዳነው። አዲስ ብንገዛላት ደስ ይላታል ብለን ነበር፣ ዞር ብላም አላየችው። ምናልባት እዚህ ስትሆን ይሻላት ይሆናል ብዬ ነው። ግን እማዬ፣ በሞቴ እንዳታስገድጃት።"

"እኔ ማንን አስገድጄ አውቃለሁ?" አሉ እትዬ መርፌ።

ልጃቸው አያቸው፤ ሻዩን ጨለጠና ሄደ።

እትዬ መርፌ ነገሩ የብስክሌት ብቻ እንዳልሆነ ለማየት ብዙ አልቆዩም። ከቤታቸው ፊት ለፊት ካለው የልጆች መጫወቻ ሲወስዷት፣ ሌላው ልጅ በሸርተቴው ላይ እየተንጫጫ ሲወርድ እሷ አግዳሚው ወንበር ላይ እግሯን ሰብስባ ተቀመጠች። ልብስ ሊያሰጡ ወደ ሰገነቱ ሲወጡ፣ በብረት መሰላሉ ሥር ቆማ "እዚህ ሆኜ ልጠብቅሽ እማማ፤ ደረጃው ቀጭን ነው" አለቻቸው። የተናገረችው እንደ ትልቅ ሰው ነው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እንዳይቀየሟት እየተጠነቀቀች። እትዬ መርፌ እርጥቡን አንሶላ እንደያዙ ቁልቁል አዩዋት። የሰባት ዓመት ልጅ እንደ አሮጊት ደረጃ ስትለካ!

በማግስቱ ጠዋት የስፌት ክፍላቸው ውስጥ ነበሩ። እትዬ መርፌ ከመኪናው ኋላ ሆነው የአንድ ደንበኛን ካፖርት ገበር ያያይዛሉ፤ ሚጣ መሬት ላይ ተቀምጣ ቁልፍ በየቀለሙ ትለያለች።

"ሚጣዬ፣ ዛሬ ያንን ብስክሌት አውጥተን ትንሽ እናናፍሰው?"

"አልፈልግም።"

"ምን ያስፈራል? ሁለት ጎማ ነው እኮ።"

ልጅቱ ቀና አለች። "አንቺ ትችያለሽ?"

የስፌት መኪናው ቆመ።

"አልችልም።"

"ለምን?"

"ቤታችን የነበረው ብስክሌት አንድ ነው፣ ወንድሞቼ ደግሞ ብዙ። ተራዬ ይደርሳል ስል አደግኩ። ካደግኩ በኋላ ደግሞ 'ትልቅ ሴት ሆነሽ' ተባለና ቀረ።"

"አሁን ብትሞክሪ ትፈሪያለሽ?"

መዋሸት ይቻል ነበር። እትዬ መርፌ ግን ገበሩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። "እፈራለሁ። በጣም ነው የምፈራው።"

"እና መጀመሪያ አንቺ ንጂ" አለች ሚጣ፣ ወደ ቁልፎቿ እየተመለሰች። "ከዛ እኔ እነዳለሁ።"

ልጅቱ ይህን ያለችው ወሬውን ለመዝጋት ነው። ነገሩን ማንም የማይደርስበት ቦታ የሰቀለችው መስሏት ነበር። አያቷን ገና አላወቀቻቸውም።

"ቃልሽ ነው?"

"ቃሌ ነው።"

"በይ ተነሺ እንግዲህ" አሉ እትዬ መርፌ፣ መነጽራቸውን እያወለቁ።

የመጀመሪያው ጣጣ የልብስ ነበር። ለሰፈሩ ወንድ ሁሉ ሱሪ ሰፍተዋል፤ እሳቸው ግን ሱሪ ለብሰው አያውቁም። ቁም ሣጥኑን ከፍተው ሲበረብሩ የጋሽ ፍሬን የድሮ የሥራ ሱሪ እጃቸው ገባ፤ ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ ጎኑ ላይ ነጭ መስመር ያለበት። ወገቡን አጥብበው፣ እግሩን አሳጥረው፣ ጉልበቱ ላይ ድርብ ጨርቅ ጥፈው ከምሳ በፊት ጨረሱት። ጋሽ ፍሬን ጋዜጣቸውን ይዘው ሲገቡ ሚስታቸው መስታወት ፊት እግራቸውን አንስተው ይጥላሉ።

"የደንብ ልብሴን! አንቺ ሴትዮ ደህና ነሽ?"

"ብስክሌት ልማር ነው።"

ጋሽ ፍሬን ጋዜጣውን አጠፉት። እንደገና አጠፉት። "ሚጣ፣ አያትሽ ምን አለች?"

"ብስክሌት ልማር ነው አለች፣ አባባ።"

"በዚህ ዕድሜዋ! ዳሌዋ ቢሰበር ማን ያስታምማታል? እኔ ነኝ! እኔ ደግሞ ማስታመም አልችልም፣ ከአሁኑ እወቁት።" ሲሉ ሲሉ ውለው ማታ ኩርፊያ ገቡ። ኩርፊያቸው ሾርባውን ጠጥተው "ጨው ጎድሎታል" ሳይሉ መነሳት ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ብስክሌቱ ነበር። የልጅ ብስክሌት ለትልቅ ሰው አይሆንም። መንገዱ ጥግ ላይ ሰንሰለት የሚሉት ብስክሌት ጠጋኝ አለ። የሱሪውን ዚፕ ስንት ጊዜ የቀየሩለት ወጣት ነውና፣ ሄደው "አንዱን አውሰኝ" አሉት። ለማን እንደሆነ ሲሰማ የያዘው መፍቻ ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ። እትዬ መርፌ ስቆ እስኪጨርስ እጃቸውን አጣምረው ጠበቁት። "ጨረስክ? በል ኮርቻውን ዝቅ አድርግልኝ።" ሳቁ እዚያው ላይ ቆመ፤ ኮርቻውንም ዝቅ አደረገ።

ሦስተኛው ቦታ ነበር። መንገዱ ላይ መኪና አለ፤ መጫወቻው ውስጥ ልጆች አሉ። ሰፊ፣ ለጥ ያለ፣ ጠዋት ጠዋት ባዶ የሚሆን ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ጋሽ ፍሬን ይሠሩበት የነበረው የአውቶቡስ ማደሪያ ግቢ። አውቶቡሶቹ ሥራ ከወጡ በኋላ ሲሚንቶው ሜዳ ሆኖ ይቀራል። ጋሽ ፍሬን ግን አለቆቹ "ዓይንዎ ደክሟል" ብለው የአውቶቡሱን ቁልፍ ከተቀበሏቸው ዕለት ወዲህ እዚያ በር ደርሰው አያውቁም። በዚያ በኩል የሚሄድ ጉዳይ ሲኖራቸው እንኳ ዞረው ይሄዳሉ።

"አብረኸን ና" አሏቸው እትዬ መርፌ።

"እዚያ ግቢ እግሬ አይረግጥም።"

"ቅር።"

የግቢው ዘበኛ በሩን ከፍቶ የእትዬ መርፌን ሱሪ፣ ብስክሌታቸውን፣ ከኋላቸው ቃሏ ነውና ቀዩን ብስክሌት በእጇ እየገፋች የመጣችውን ልጅ አየ። "ሾፌራችን የት አሉ?"

"አኩርፈዋል" አለች ሚጣ።

የመጀመሪያዎቹ ጠዋቶች ለወሬ አይመቹም። እትዬ መርፌ ሲወጡ ብስክሌቱ ወደ ግራ ይወድቃል፤ ወደ ግራ ይወድቃል ብለው ሲጠነቀቁ ወደ ቀኝ ይወድቃል። ግቢው ውስጥ ቀርተው ሞተር የሚፈትሹ መካኒኮች መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ አዘኑ፣ ከዚያ ለመዱት። ሚጣ ከአውቶቡስ ማጠቢያው አጠገብ ያለች በርሜል ላይ ተቀምጣ ታያለች። አያቷ በወደቁ ቁጥር ዘላ ትነሳና "ተጎዳሽ?" ትላለች።

"አልተጎዳሁም።"

"እና ተይዋ።"

"አልተውም።"

ቤት ሲመለሱ ጉልበታቸው ላይ ያለውን ሰማያዊ ሰንበር በሎሚ ሳይሆን በስድብ ነበር የሚያሹት። ሲሚንቶውን ይሰድባሉ፣ ፔዳሉን ይሰድባሉ፣ ኮርቻ የፈለሰፈውን ሰው ከነዘር ማንዘሩ ይሰድባሉ። ሚጣ በሳቅ ትፈርሳለች። ጋሽ ፍሬን ግን ከጋዜጣው ኋላ ጆሯቸውን ቀስረው ይሰማሉ።

አንድ ጠዋት፣ እትዬ መርፌ ብስክሌቱ ላይ ሆነው የፊት ጎማውን አፍጥጠው እያዩ ሲንገዳገዱ፣ ከበሩ በኩል ድምፅ መጣ።

"ዓይንሽን ከጎማው አንሺ!"

ደንግጠው ወደቁ።

ጋሽ ፍሬን ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው በሩ ላይ ቆመዋል። ዘበኛው ተሻምቶ እጃቸውን ሲጨብጥ፣ መካኒኮቹ እጃቸውን ጠርገው ሲመጡ እሳቸው ወደ ማንም አላዩም፤ ማየት ከጀመሩ ዕንባ እንደሚቀድማቸው ያውቃሉ። ቀጥ ብለው ወደ ሚስታቸው ሄዱ።

"ምን ሆነሽ ነው መሬት መሬት የምታዪው? ወደምታዪው ነው የምትሄጂው! መሬት ስታዪ ትወድቂያለሽ። ያንን የነዳጅ ማደያ እዪ። እሱን ብቻ።"

"አልመጣም አላልክም?"

"ሥራ ሲበላሽ ዝም ብዬ ማየት አልችልም" አሉ ጋሽ ፍሬን።

የዚያን ዕለት እትዬ መርፌ ሲሚንቶው ላይ ከተሰመረው ቢጫ መስመር እስከ ማጠቢያው ድረስ ሄዱ። ከዚያ ስለተደሰቱ ወደ ሚጣ ዞረው እጃቸውን አወዛወዙ። ብስክሌቱ ከሥራቸው ሸሸ፤ በግራ እጃቸው መሬቱን ተመረኮዙ።

አልተሰበረም። የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ሐኪም አገላብጣ አየችውና "ወለም ብሏል፤ ለጊዜው አይሥሩበት" ብላ አሰረችው። ማታ ልጃቸው ሲደውል እትዬ መርፌ ባላቸውንም ልጅቱንም ዓይናቸውን አፍጥጠው አስጠነቀቁ። ሚጣ ግን ስልኩን እንደያዘች ልቧ ሞልቶ ፈሰሰ።

"አባዬ! እማማ ብስክሌት ነዳች! እስከ ማጠቢያው ድረስ! ከዛ ወደቀች፣ ግን አልተሰበረችም፣ ያበጠው እጇ ብቻ ነው!"

በማግስቱ ገና ቁርስ ሳይነሳ ልጃቸው በሩ ላይ ነበር። ከእናቱ ፊት ቀድሞ ያየው የታሰረውን እጅ ነው።

"እማዬ፣ ዕድሜሽን ረሳሽው? ዳሌሽ ቢሆን ኖሮስ?"

"ዳሌው የኔ ነው።"

"ልጄስ? ልጄ ቁጭ ብላ አያቷ ስትሰበር እንድታይ ነው ያመጣኋት? እንዳታስገድጃት ብዬ ነበር!"

"አንድ ቃል አልተናገርኳትም። ጠይቃት።"

ልጁ ዞር አለ። ሚጣ ዳቦዋን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። "አላስገደደችኝም" አለች። "እኔ ነኝ ያስገደድኳት።"

"ሻንጣሽን አምጪ፤ እንሄዳለን።"

"እማማ ሳትጨርስ አልሄድም።"

አባትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ልጁን በደንብ አያት። ስትቃወመው ሰምቶ አያውቅም። አምና ከወደቀች ወዲህ "እሺ" ነበር መልሷ ሁሉ።

እትዬ መርፌ ጨዋ ድምፃቸውን አወጡ፤ ልጆቻቸው ከጩኸታቸው ይልቅ የሚፈሩት ያንን ድምፅ ነው። "ልጄ፣ ልጅህ ናት፤ ልውሰድ ካልክ ትወስዳለህ። እኔ ግን የገባሁት ቃል አለ። ተኝቼ ስቃትት ካየችኝ በኋላ ብተወው፣ እዚህ የመጣችው ፍርሃቷን በአያቷ ልታስመርቅ ነው ማለት ነው። ዛሬ እነዳለሁ። በአንድ እጄም ቢሆን።"

ልጁ ወደ አባቱ ዞረ። በዚህ ቤት ውስጥ "ተይ" የሚል ሰው ካለ እሳቸው ናቸውና።

ጋሽ ፍሬን የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "ጠዋት ጠዋት ግቢው ባዶ የሚሆነው ለጥቂት ጊዜ ነው" አሉ። "ከመጣህ ና። ካልመጣህ ቁጭ ብለህ ዳቦህን ብላ።"

ሁሉም ሄዱ። ሰንሰለትም ወሬውን ሰምቶ ሱቁን ዘግቶ መጣና፣ የቀኙን ፍሬን አጠበቀላቸው፤ ግራ እጃቸው አያገለግልማ። ከጠዋቱ ዙር የተመለሱ ሾፌሮች ዳቦና ሻይ ይዘው ግድግዳው ሥር ተደረደሩ። እትዬ መርፌ ቢጫው መስመር ላይ ቆሙ። ልባቸው በሱሪያቸው ወገብ በኩል የሚመታ መሰላቸው። የታሰረውን እጃቸውን መሪው ላይ ጣል አደረጉ፤ የነዳጅ ማደያውን አዩ፤ ፔዳሉን ረገጡ።

ብስክሌቱ ተንገዳገደ። እትዬ መርፌ ማጠቢያውን አለፉ። ነዳጅ ማደያው እየቀረበ መጣ፤ ወደ ጎን ቀና ብለው ሌላውን ጥግ አዩ፣ ብስክሌቱም እንደ ታዘዘ ፈረስ ዞረ። ሾፌሮቹ ጮኹ። እትዬ መርፌ ግቢውን ዞሩት። ፀጉራቸው ከሻሹ ወጥቶ ይበራል፣ ንፋሱ ሱሪያቸው ውስጥ ይገባል፣ እሳቸውም በዕድሜያቸው ብለው የማያውቁትን "እሰይ! እሰይ!" ይላሉ። ሁለተኛ ዞሩ። ሦስተኛውን ሲጀምሩ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

"እንዴት ነው የሚቆመው?"

"ፍሬን!" ጮኹ ጋሽ ፍሬን። "ፍሬን! ፍሬን!"

"የራስዎን ስም ምን አስጠራዎት፣ አልጠፉ!" አለ አንዱ ሾፌር፤ ግቢው በሳቅ ተናወጠ። እትዬ መርፌ በሳቁ መሐል የቀኝ እጃቸውን ጨበጡ፣ እግራቸውን አወረዱ፣ ቆሙ። ወረዱ። ሚጣ ወደተቀመጠችበት በርሜል ሄዱ።

ቀዩ ብስክሌት በርሜሉ ላይ ተደግፏል።

ሚጣ ብስክሌቱን አየች፣ አያቷን አየች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። "ቃሌ ነው ብያለሁ፣ አይደል?"

"ብለሻል።"

አባቷ ሊራመድ ሲል እትዬ መርፌ በታሰረው እጃቸው ደረቱን ገታ አደረጉት።

"ማን ይያዝሽ?" አሉ።

ሚጣ ሁሉንም አየቻቸው። "አባባ። አባባ ቀስ ይላል።"

ጋሽ ፍሬን ኮርቻውን ከኋላ ያዙ። በመጀመሪያው ሙከራ ጥቂት ሄዳ እግሯን ጣለች፤ ወረደች፤ መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። አለቀሰች፣ ግን እያለቀሰች ተመልሳ ወጣች። እንደገና ሄደች፣ እንደገና ቆመች። አባቷ ጥፍሩን በላ። ሾፌሮቹ ሻያቸውን ረሱት። ቀጥሎ ስትሄድ ጎማው ቀጥ አለ፤ ጋሽ ፍሬን ከኋላዋ እያለከለኩ ሶምሶማ ይዘዋል።

"አባባ፣ አሁን ልቀቀኝ።"

"እሺ፣ እሺ" አሉ። አለቀቁም።

"ልቀቀኝ አልኩ!"

"እሺ የኔ እናት፣ አሁን፣ አሁን።" ጣታቸው ግን ኮርቻው ላይ ተጣብቋል። ዕድሜ ልካቸውን የመያዝ ሥራ የሠራ እጅ ነው፤ መልቀቅ አልተማረም።

"አንተ ሰውዬ!" እትዬ መርፌ ከሜዳው ማዶ ጮኹ። "ልቀቃት!"

ለቀቁ።

ቀዩ ብስክሌት ሄደ። ጋሽ ፍሬን እጃቸው አየር ላይ እንደቀረ ቆሙ፤ ከደከመው ዓይናቸው የምትርቀው ልጅ ቀይ ነጥብ ብቻ ስትመስል፣ "ቆማለች? አለች?" እያሉ አጠገባቸው የደረሰውን ልጃቸውን ጠየቁት። "አለች አባዬ" አለ ልጁ፣ እጃቸውን ይዞ። "እየሄደች ነው። ዞረች። አሁን ወደኛ እየመጣች ነው።"

ሚጣ መጥታ ፍሬን ይዛ፣ ወርዳ፣ ብስክሌቱን በርሜሉ ላይ አስደገፈች። ሁሉም ከበቧት።

"ቻልኩ" አለች። ትንሽ አሰበች። "ግን ብዙም አልወደድኩትም።"

አባቷ በሳቅ ፈነዳ፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ሄደበትና ፊቱን አዞረ። እትዬ መርፌ ግን አልሳቁም። "አለመውደድ መብትሽ ነው" አሏት፣ እንደ እኩያቸው። "መቻሉ ነበር የቸገረን።"

አባትየው ሻንጣውን ሳይጠይቅ ብቻውን ተመለሰ። ሚጣ ዕረፍቷን ጨረሰች። ቀዩን ብስክሌት ሲያሰኛት ብቻ ነካ ታደርገዋለች፤ ያገኘችው ሌላ ፍቅር ነው። በብረት መሰላሉ ወጥታ ሰገነቱ ላይ የልብስ መቆንጠጫ ለአያቷ ታቀብላለች፤ ከዚያም ሰፈሩን ከላይ ሆና ስታይ ትውላለች። ጋሽ ፍሬን ከሥር ሆነው "ከጫፉ ራቂ!" ይላሉ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ማደሪያው ግቢ ሄደው ከሾፌሮቹ ጋር ሻይ ይጠጣሉ፤ አዲሶቹ ሾፌሮች ፍሬን ላይ እንደሚዘገዩም ሳይነግሯቸው አይመለሱም።

ብስክሌቱን የወደዱት እትዬ መርፌ ነበሩ። ሚጣ ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ፣ እጃቸውም ሲሽር፣ የሰንሰለትን ብስክሌት አልመለሱም፤ ከኋላው ቅርጫት አስገጠሙበት። የመጀመሪያው ጉዟቸው ዳገቱ ላይ ለምትኖር ደንበኛ የተጨረሰ ካፖርት ማድረስ ነበር። ዳገቱን በእግራቸው እየገፉ ወጡት። ካፖርቱን አስረከቡ፣ ደንበኛዋ ለክታ ወደደችው፣ ውኃ ሰጠቻቸው።

ሲመለሱ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆሙ። መንገዱ ከሥራቸው ረጅም ሆኖ ተዘርግቷል፤ መጨረሻው ላይ መኪኖች ይተላለፋሉ። ገፍቶ መውረድ ይቻላል፤ ማንም አያያቸውም። ፈሩ። ደህና አድርገው ፈሩ። የቀሚሳቸውን ጫፍ ሱሪያቸው ውስጥ ከተቱ፣ ሁለቱንም ፍሬን ሞከሩ፣ ዓይናቸውን ከጎማው አንስተው ሩቅ አዩና ብስክሌቱ ላይ ወጡ።